የእህል መጋዘኑን ለሥዕል ለከፈትሽው ለጫልቱ

ጫልቱዬ፣

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ደብዳቤ መጻፍ የአንቺ ሥራ ነበር፤ እኔ አናጢው የበርና የመስኮት ልኬት ከመጻፍ በቀር ብዕር ብዙም አላነሳም። ዛሬ ግን የምነግርሽ ነገር በዛብኝና ተቀመጥኩ።

ደህና ነን። ልጃችን ሲፈን አራተኛ ክፍል ገብታለች። የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ ፍሬው ከበደውና አንድ ትልቅ ቅርንጫፉ ተሰበረ። እናትሽ ከባምባሲ መጥተው ክረምቱን ከእኛ ጋር ከረሙ። ልብሶችሽን ለሰው እንስጥ አሉኝ፤ እሺ ብያለሁ፣ ግን ቀኑን እያራዘምኩ ነው።

ስንጋባ ሥራሽ በደንብ አልገባኝም ነበር፤ ዛሬ ልንገርሽ። አዲስ አበባ ጋለሪ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርተሽ፣ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሲሄድ አንቺ ወደ አሶሳ ተመለስሽ። ጾሬ መጠለያ ጣቢያ ለስደተኞች ሥዕል ታስተምሪ ነበር። አንድ ቀን ከዚያ ስትመለሺ የዱቄት ጆንያ ጠቅልለሽ መጣሽ። ስትዘረጊው አደም የሚባል ተማሪሽ ጥሎት የመጣውን መንደር በከሰልና በቀይ አፈር ሥሎበታል። ብዙ አየሁት። ፍሬም ያስፈልገዋል አልኩሽ። "ፍሬሙን አንተ ትሠራለህ፤ የሚሰቀልበትን ቤት እኔ እፈልጋለሁ" አልሽኝ።

ከገበያው ጀርባ ባዶውን የቆመ የእህል መጋዘን አገኘሽ። ባለቤቱ ሐጂ ኡስማን ሦስት ጊዜ መለሱሽ። በአራተኛው ጆንያውን ይዘሽ ሄደሽ ፊታቸው ዘረጋሽው። ጎንበስ ብለው አዩትና፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ድንበር ተሻግረው ለንግድ የሚሄዱበትን መንደር እንደሚመስል ነገሩሽ። ቁልፉን ያኔውኑ ሰጡሽ። አይጡን አባረን፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባን።

በመክፈቻው ቀን የመጣው ሰው አሥር አይሞላም ነበር። እኔ አፈርኩልሽ። አንቺ ግን ከገበያ ጎመኗን እንደያዘች የገባችን አንዲት ሴት፣ ለትልቅ ባለሥልጣን እንደሚደረገው፣ ከሥዕል ሥዕል እያዞርሽ ታስረጃት ነበር። ሴትየዋ በማግስቱ ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። ሥራሽ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከሁሉ የማልረሳው ግን የእትዬ አለምነሽ ነገር ነው። ከድባጤ ተፈናቅለው የመጡት እትዬ አለምነሽ በብሔር ግጭት የተቃጠለባቸውን ቤት ከነአጥሩ፣ ከነዶሮው በጥልፍ ሠርተው ነበር። አንቺ ደግሞ ከዚያው አካባቢ የሸሸች አንዲት የጉሙዝ ሸክላ ሠሪ አግኝተሽ፣ የሁለቱን ሥራ በአንድ ክፍል ልታሳዪ አሰብሽ። እትዬ አለምነሽ ይህን ሲሰሙ "የኔ ቤት ከነሱ ዕቃ ጋር አይቀመጥም" ብለው ጥልፋቸውን አውርደው ሄዱ። መክፈቻው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው ይህ የሆነው። አብረውሽ የሚሠሩት ክፍሉን በመጋረጃ ለሁለት እንክፈለው አሉ። እኔም እንደዚያው መከርኩሽ። አንቺ መክፈቻውን አራዘምሽው።

ተናድጄብሽ ነበር። ጥሪው ተበትኗል፣ እንግዳ ከአዲስ አበባ ሊመጣ ነው፣ አንቺ ግን በየቀኑ እትዬ አለምነሽ ዘንድ እየሄድሽ በርበሬ ስትቀነጥሺላቸው ትውያለሽ። ስለ ዐውደ ርዕዩ አንድ ቃል አላነሳሽባቸውም። በአሥራ አንደኛው ቀን እሳቸው ራሳቸው መጋዘኑ ድረስ መጡ። ሸክላ ሠሪዋ ማሰሮዎቿን እየደረደረች ነበር። ቀና ብላ አየቻቸውና በዚያ በማይሞላላት አማርኛዋ "እኔም ቤት ተቃጠለ" አለች። ወደ ማሰሮዎቿም ተመለሰች።

እትዬ አለምነሽ ጥልፉን ከለበሱት ነጠላ ሥር አውጥተው የት እንደሚሰቀል ጠየቁሽ። "እርስዎ ይምረጡ" አልሻቸው። ከማሰሮዎቹ በላይ ያለውን ግድግዳ መረጡ። ሚስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ስምሽ ሩቅ ሄደ። ውጭ አገር ሲጋብዙሽ ግን የሠራው ሰው ይሂድ እያልሽ ባለሙያዎቹን ትልኪ ነበር። ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳን፣ ያ በሽታ እንዲያ ከጨረሰሽ በኋላ፣ የአንዷን ሠዓሊ ስም በዐውደ ርዕዩ ካታሎግ ላይ አሳስተው ጻፉት ብለሽ እስኪታረም ድረስ እረፍት ነሳሽን።

ባለፈው ወር አዲስ ዐውደ ርዕይ ተከፈተ። ያዘጋጀው አደም ነው። ሐጂ ኡስማን በምርኩዝ መጥተው ፊት ተቀመጡ። እኔን ስለ አንቺ ተናገር አሉኝ። "ፍሬሞቹን የሠራሁት እኔ ነኝ" ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰው ሳቀ፤ አንቺም ብትኖሪ ትስቂብኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሲፈን ከትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ የሚሞላበት ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። የእኔን ሞልታ የአንቺን ባዶ ተወችው። የእማዬ ሥራ ምን ይባላል አለችኝ። ኪዩሬተር ነው አልኳት። ምን ማለት ነው አለችኝ፤ በአንድ ቃል አያልቅም አልኳት። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራታለሁ፤ ማን እንደነበረ፣ ምን እንዳልሽ፣ ምን እንደሠራሽ፤ እሷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድም ነገር ላልዘል ቃል ገብቼልሻለሁ። እስካሁን ሰባት እሁድ ሆነን፤ ገና የሥራሽ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነን።

ባለቤትሽ ታደሰ