ያልበራው አራተኛ መብራት

ማክሰኞ፣ ጁን 3
ውኃም መሬትም ላይ በሚያርፈው አውሮፕላኔ ሦስት ምልልስ። ዓሣ አጥማጆቹን ሐይቁ ላይ አራገፍኩ፣ ፖስታ ይዤ ተመለስኩ። ነፋስ ከደቡብ። የጎማ ማጠፊያው ፓምፕ ዘይት ያንጠባጥባል። ዋሲሊ ጠብታውን አየና "ልፍታው" አለ። መካኒክ ነው፤ ለሱ ሁሉም ነገር መፈታት አለበት። ሦስት ቀን አቁመው ይለኛል... የሳልመን ዓሣ ወቅት እየገባ!
"አንተ ግትር፣ እሺ በለኝ እንጂ" አለ።
"አንተ ሳትወለድ ፓምፕ ፈትቻለሁ" አልኩት።
"የምትበልጠኝ እኮ በሁለት ዓመት ነው።"
ሳቀ። አልሳቅኩም።

እሑድ፣ ጁን 8
ዋሲሊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ፓምፑን ራሴ ፈታሁት። ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ላስቲክ፣ ጎሚኒው፣ ተበልቷል። ትክክለኛው ከአንኮሬጅ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል። ከአሮጌ ጀልባ ሞተር ያወጣሁት ጎሚኒ ነበረኝ፤ ጫፉን ሞርጄ ገጠምኩት። ልክክ አለ። ጠብታው ቆመ። የጥገና መዝገቡ ላይ አልጻፍኩም። የመካኒክ ፈቃድ የለኝም፣ ምን ብዬ? መጽሐፍ አንብቤ ነው የተማርኩት። በአርባ ዓመት በረራ ማንም አልሞተብኝም።

ሐሙስ፣ ጁን 12
ውኃ ላይ ሳርፍ አራቱም ጎማዎች መታጠፍ አለባቸው። ለእያንዳንዱ ሲታጠፍ የሚበራ አንድ ሰማያዊ መብራት አለ። ዛሬ የኋላ ግራው ዘገየ። በጣቴ መታ መታ ሳደርገው በራ። ጎማው አይደለም፣ አምፖል ነው።

ቅዳሜ፣ ጁን 14
ዋሲሊ ሞተ።

ማክሰኞ፣ ጁን 17
የሆነውን ልጻፈው።
አብሮኝ ነበር። ሐይቁ ላይ ለማረፍ ዝቅ እያልን... ሦስት መብራት። አራተኛው የለም። መታሁት። አልበራም። ያ ጎማ ከመቀመጫዬ አይታይም።
"ተመለስ" አለ ዋሲሊ። "አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ እናርፋለን። ቢበዛ የአውሮፕላኑ ሆድ ይቧጠጣል።"
"አምፖል ነው።"
"ሃርላን፣ ተመለስ! ጎማው ተንጠልጥሎ ከሆነ ውኃው ይገለብጠናል።"
ነዳጅ ነበረኝ። ሜዳው ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ ደቂቃ! ለምን አልተመለስኩም? ስለ ነዳጅ አልነበረም። ስለ ሰዓትም አልነበረም። ተመለስ ያለኝ እሱ ስለሆነ ነው።
ውኃው የግራውን ጎማ ያዘው። ተገለበጥን። ጨለማ፣ ብርድ። የኔ በር ተከፈተ። የሱ አልተከፈተም። ሁለቴ ጠልቄ ገባሁ... እጁን አገኘሁት። መሳብ አቃተኝ።

ዓርብ፣ ጁን 27
የአውሮፕላን አደጋ መርማሪዋ መጣች። ፓምፑን አውጥተውታል። ጎሚኒው በዚያ ዘይት ውስጥ አብጦ የኋላ ግራውን ጎማ የዘይት መንገድ ዘግቶታል። የዚህ አውሮፕላን ጎሚኒ አይደለም አለች።
"የጥገና መዝገቡ ላይ ያለው ፊርማ ሁሉ የሟቹ ነው። እሳቸው ናቸው የገጠሙት?"
"አላውቅም" አልኩ።
አላውቅም!

ቅዳሜ፣ ጁላይ 5
ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ። "ዋሲሊ ዓይኑ ደክሞ ነበር አሉ።" "በጊዜ መተው ነበረበት። ሰው ይዞ ሞቶ ቢሆንስ?" የዋሲሊ ልጅ ኢቮንም መካኒክ ነው። ሞተር የሚያመጣለት ጠፍቷል።
ዱቄቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

ዓርብ፣ ጁላይ 11
ምንም። ተኛሁ። ነቃሁ። እጁ እጄ ውስጥ አለ።

ሰኞ፣ ጁላይ 21
መርማሪዋ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት።
"የማብረር ፈቃድዎን እንደሚነጠቁ ገብቶዎታል?"
"ገብቶኛል።"
"ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?"
ስልኩን ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጁላይ 23
የዋሲሊ አርባ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ማንም አልጠራኝም። በሩ ላይ ቆምኩ። ሚስቱ አጋፊያ የዓሣ ሾርባ ትቀዳለች፤ ቀና እንኳ አላለች።
"ወይ ግባ ወይ ውጣ። ትንኝ አስገባህብን።"
ገባሁ። "ጎሚኒውን የገጠምኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። "ዋሲሊ እጁ የለበትም። ተመለስም ብሎኛል። ሁለት ጊዜ።"
ኢቮን ተነሣ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ በወደድኩ። ገፍቶኝ ወጣ።
"አውቃለሁ" አለች አጋፊያ። "ዋሲሊ ጠብታው መቆሙን አይቶ ነበር። ማን እንዳቆመው አላጣውም። ብናገረው ያባርረኛል፣ አጠገቡ ብቀመጥ ግን ይሰማኛል ብሎ ነው አውሮፕላኑ ውስጥ አብሮህ የገባው።"
ወደ እሷ ዞርኩ።
"ታውቂ ከነበረ... ስሙን በክፉ ሲያነሱት ለምን ዝም አልሽ?"
"ከኔ አፍ ቢወጣ የሚስት ወሬ ነው። ካንተ አፍ ነበር የሚፈለገው። አርባ ቀን ጠበቅኩህ።"
ሾርባ ቀድታ ሰጠችኝ። ተቀመጥ አላለችም። ቆሜ በላሁ።