የሰማያዊው ካፖርት ልክ

ልጄ፣ ሰላምታችን ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እንደምታውቂን ነን፤ እኔ እቆጣለሁ፣ እናትሽ ትስቃለች።

ለእናትሽ በኢንተርኔት ሰማያዊ ልባሽ ካፖርት ገዛሁላት። ሻጯ «እንከን የለውም» ብላ ነበር፤ ሲመጣ ግን ገበሩ ተቀዷል። እናትሽ ስትለብሰው ደግሞ ትከሻው ወረደ፣ እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ። ደሜ ፈላ። «በገበሩም በልኩም ዋሽታለች» የሚል አስተያየት ጽፌ ልልከው ስል እናትሽ ሳቀች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሴትዮዋን ከመስቀልህ በፊት ለካ እንጂ!»

ለካሁት። ትከሻውም ወገቡም ልክ ሻጯ እንደጻፈችው ነው። አላመንኩም፤ ባለፈው ክረምት ልክክ ብሏት የነበረውን አሮጌ ካፖርቷን አውጥቼ ደረብኩበት። ልካቸው አንድ ነው።

እናትሽ መሳቋን ትታ ካፖርቱን አጣጠፈች። «ይህን ለልጃችን እንዳትጽፍላት» አለችኝ።

ፍርድ ፍርድ ነውና ስለ ልኩ የጻፍኩትን ሰረዝኩ፤ የገበሩን ተውኩት። ካፖርቱን አልመለስኩም። ገበሩን ራሴ ሰፋሁት፤ ስፌቱ ጠማማ ነው ብላ ስቃብኛለች።

ወደ እኛ የምትመጪበትን የዓመት እረፍትሽን ለዓመቱ መጨረሻ አቆየዋለሁ ብለሽ ነበር። አታቆዪው።

እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች፤ እኔም።

አባትሽ