የታሸገው ብልቃጥና የታገደችው ነርስ

ለተከበሩ የውበት ሕክምና ተቋማት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ረጅም ዕድሜና ምንም መርፌ የማይነካው ለስላሳ ግንባር እመኛለሁ።

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። መስታወት ፊት የምቆመው ጢሜን ስላጭ ብቻ ስለሆነ በውበት ጉዳይ አያገባኝም ነበር። ነገር ግን እትዬ የምላት ታላቅ እህቴ፣ ቀኑን ሙሉ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ልብስ የምትሰፋ ሴት፣ ከአፍንጫዋ ወደ አፏ የወረዱትን ሁለት መስመሮች በጄል ላስሞላ ብላ አጅበኝ ስትለኝ፣ የመመሪያዎን ጥበብ በዓይኔ ለማየት በቃሁ።

የክሊኒኩ ነርስ በትዕግሥት እንዳስረዳችኝ፣ ጄሉ የሚሠራበት ሃያሉሮኒክ አሲድ በቆዳችንና በመገጣጠሚያዎቻችን ውስጥ ድሮም ያለ፣ ውሃ ስቦ የሚይዝ ነገር ነው። እንደ ተፈጥሮው ቢወጋ ሰውነት በጥቂት ቀናት ስለሚጨርሰው፣ ፋብሪካው ክሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራቸዋል፤ ጠንከር ያለው ጉንጭ ይደግፋል፣ ለስለስ ያለው ከንፈር ይሞላል። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ጄሉ ችግር ቢያመጣ የሚያሟሟው ኢንዛይምም አለ። ምስጋናና ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል።

1ኛ. ሐኪሙ ሲወጉ ጄሉ ደም ሥር ውስጥ ገባ። በጎበዝ እጅም አልፎ አልፎ ይደርሳል ስለተባልኩ በዚህ ቅር አልተሰኘሁም። የእትዬ የላይኛው ከንፈር ግን እንደ ኖራ ነጣ። ቧንቧ ሲደፈን ከድፍኑ ወዲያ ያለው አትክልት እንደሚደርቅ አውቃለሁና ፈራሁ፤ ቶሎ ካልተከፈተ ከንፈሯ እንደሚሞት ነርሷም አልደበቀችኝም።

2ኛ. ኢንዛይሙ ከወንበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል። ሆኖም የመመሪያዎ አንቀጽ አሥራ አራት የብልቃጡ እሽግ በተቆጣጣሪ ፊት ካልሆነ በቀር እንዳይከፈት ስለሚያዝ፣ ሕግ አክባሪው ሐኪም ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወሉ። ስልክ ያነሡት ትሁት ሠራተኛም ተቆጣጣሪ የሚላከው በጽሑፍ ማመልከቻ፣ ያውም በሁለት ቅጂ መሆኑን አስረዱን። ሁለተኛው ቅጂ ለከንፈሯ ይሁን ለእርስዎ ለመጠየቅ ፋታ አላገኘሁም።

3ኛ. ሐኪሙ ማመልከቻውን ሲጽፉ ነርሷ እሽጉን ቀደደችው። መድኃኒቱን በጥብጣ በእጃቸው ስታኖርላቸው፣ የተከፈተ ብልቃጥ መልሶ እንደማይታሸግ አይተው ወጉ። ደጋግመው ከወጉ በኋላ የከንፈሯ ቀለም ቀስ እያለ ተመለሰ። እትዬ ዛሬ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ ትሰፋለች፤ እኔን የመስደብ ችሎታዋም አልተነካም።

4ኛ. ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል ይሆናል፣ ተቆጣጣሪዎችዎ በማግሥቱ ሦስት ሆነው መጡ። የተቀደደውን እሽግ ከአራት አቅጣጫ ፎቶ አነሡ። የዳነውን ከንፈር እንዲያዩት እትዬን ይዤላቸው ብመጣም በቅጹ ላይ የከንፈር ቦታ ስለሌለ አላዩትም። ከዚያም ነርሷን «እሽግ በመድፈር» ለስድስት ወር አገዱ፤ በምትኩ የገባውን አዲስ ብልቃጥ ደግሞ ማንም እንዳይደፍረው በሁለት እሽግ አሸጉት። ለዚህ ጥንቃቄ የምስጋና ቃል አጥሮኛል።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ላቁምና፣ ያቺ ሴት እቤቷ ቁጭ ብላ ጥፋቷ ምን እንደሆነ እየፈለገች ነው። ልጠይቃት ስሄድ ይቅርታ የጠየቀችኝ እሷ ናት፤ እኔም አፈርኩ። ሥራዋን ይመልሱላት። አንቀጽ አሥራ አራትንም የሰው ፊት ላይ መርፌ ሲሰካ ያየ ሰው እንደገና ይጻፈው።

በሥራዬ ጠባይ ማጎንበስ ስለለመድኩ ሳይከብደኝ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የሚሰጡኝን ፈጣን መልስ እስከ እርጅናዬ በትዕግሥት የምጠብቅ፣

እህቱ ከነከንፈሯ የተረፈችለት የቧንቧ ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ላሽግ ስል ከጽሕፈት ቤትዎ አንዲት የተከበሩ እመቤት ስልኬን ከምርመራው መዝገብ አግኝተው ደወሉልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ጉንጫቸውን ለማስሞላት ቀጠሮ ይዘው ኖሮ፣ ያቺ ነርስ አጠገባቸው ካልቆመች ፊታቸውን ለማንም እንደማይሰጡ ነግረውኝ፣ የት እንደምትገኝ አጥብቀው ጠየቁኝ። ስማቸውን እንዳላነሣ ስለለመኑኝ አላነሣም። ክቡርነትዎ ግን በእግድ ደብዳቤው ግርጌ ያለውን ፊርማ ቢያዩ ያውቋቸዋል።