ከመንዝ ቅኔ ቤት እስከ ህንዶች ግጥም፦ የመምህር ኪዳነ ወልድ ወዳጆ የሕይወት ጉዞ (1919–1981 ዓ.ም.)

መምህር ኪዳነ ወልድ ወዳጆ ከአባታቸው ከአቶ ወዳጆ ገብረየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሾመች ወሰኔ፣ በጥቅምት ወር 1919 ዓ.ም. በጊሼ፣ ከራቤል ወረድ ብሎ ባለው ቀዬ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩትም ዳዊት የደገሙትም በተወለዱበት ደብር ነው። ጠላት አገር ለቆ ሲወጣ ወደ መንዝ ተሻግረው ቅኔ ቤት ገቡ። ዛሬ ፍትሐቱን የመሩልን መሪጌታ መርስዔ ኃዘን በዚያ ዘመን አብረዋቸው ቁራሽ የለመኑ የቅኔ ቤት ጓደኛቸው ናቸው።

ቅኔውን ካስመሰከሩ በኋላ ዘመናዊውን ትምህርት ተከታትለው፣ በደብረ ብርሃን በመምህርነት ሠለጠኑ። በ1949 ዓ.ም. ራቤል ላይ ማስተማር ጀመሩ፤ በኋላም ወደ መሐል ሜዳ ተዛውረው አማርኛ አስተማሩ። በ1952 ዓ.ም. ከቀየት ተወላጅ ከወይዘሮ ጌታነሽ ዳኜ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ውባየሁን፣ ሙሉመቤትንና አፈወርቅን አፍርተዋል።

በ1969 ዓ.ም. ሚስተር ቫሱዴቫን የሚባሉ ህንዳዊ የሒሳብ መምህር ወደ መሐል ሜዳ መጥተው ከመምህር ግቢ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ሥጋ የማይቀምሱ ሰው ስለነበሩ ወይዘሮ ጌታነሽ ዓመቱን ሙሉ የጾም ወጥ ይሠሩላቸው ነበር። ብርዱ ሲበረታባቸው ባና ተከናንበው ከደጅ ይቀመጡና አንድ ነገር በዜማ ያንጎራጉራሉ። መምህር ጠየቋቸው። ሳንስክሪት በሚባለው የህንዶች ጥንታዊ ቋንቋ የተደረሰ ግጥም መሆኑን፣ ቋንቋውም እንደ ግዕዛችን በትምህርት እንጂ በጡት እንደማይገኝ ነገሯቸው።

መምህር የቅኔ ሰው ናቸውና ቀላል መስሏቸው ነበር። አንዱ በተሰባበረ አማርኛ፣ አንዱ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እየተጋገዙ፣ ግጥሙን እንደ ቅኔ ቤቱ ልማድ በቃላቸው ያዙት። አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ሲይዝ ፈጥነው ያገኙታል። ደስታው ግን አልመጣ አላቸው። ፊት ሁሉ ጨረቃ፣ ዓይን ሁሉ አበባ እየሆነ አሰለቻቸው። ደመና በታየ ቁጥር ስለሚናፍቁት ሰዎችማ፣ "እኛ ዘንድ ደመና ብርድ ነው፤ ምኑ ይናፈቃል?" ብለው ተከራክረዋል።

አንድ ቀን ሚስተር ቫሱዴቫን አንዲት ሴት ለጎረቤቷ የምትናገርበትን አጭር ግጥም ፈቱላቸው። "እኅቴ ሆይ፣ ማሰሮውን ዝቅ አድርገሽ ስቀይልኝ፤ እጄ አይደርስም" ትላለች። ከዚህ ሌላ ቃል የላትም።

"ሰሙ ይኸው። ወርቁ የታለ?" አሉ መምህር።

"እስከ ዛሬ ማን ያወርድላት ነበር?" አሉ ህንዳዊው።

መምህር ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። በኋላ ለመሪጌታ መርስዔ ኃዘን ሲያጫውቷቸው፣ "የእኛ ወርቅ ከቃሉ ሥር ተቆፍሮ ይወጣል፤ የእነሱ ግን ደወል ከተመታ በኋላ እንደሚቀረው ድምፅ፣ ቃሉ ሲያበቃ ነው የሚሰማው" ብለዋቸዋል።

ዘመኑ ግን ሁለት ሰዎች ደጅ ተቀምጠው በማይታወቅ ቋንቋ የሚያንጎራጉሩበት ዘመን አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. መምህር በውይይት ክበብ ፊት ቆመው ይህ ግጥም ለሰፊው ሕዝብ ምን እንደሚጠቅም ተጠየቁ። "እኔንም ገና አልጠቀመኝም፤ እየተማርሁ ነው" አሉ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ሰብሳቢው አልሳቀም። ብዙም ሳይቆይ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተብለው ከጀማ ወንዝ ዳር ወዳለው የመርሐቤቴ ቆላ ተላኩ። በዚያን ጊዜ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ነበሩ። ደከመኝ ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም፤ እሳቸውም አላሉም።

የቆላው በጋ ለደገኛ ይከብዳል። መሬቱ ተሰነጣጥቆ፣ ከብቱ አፉን ከፍቶ፣ ሰው ከጥላ ጥላ ሲሸሽ ከረመ። በግንቦት መጨረሻ ከወደ ምዕራብ አንድ ጥቁር ደመና ብቅ ሲል መንደሩ ሁሉ ደጅ ወጣ። አስተናጋጃቸው ወይዘሮ አረጋሽ ቀና ብለው፣ "አሁን ጀማ ይሞላል፤ ማዶ ያለ ማዶ መቅረቱ ነው" አሉ። ባላቸው ከወንዙ ማዶ ነበሩ። መምህር ከዚያው ከቆሙበት፣ በቃላቸው ይዘው ያልወደዱትን የደመና ግጥም ሁሉ አንድ በአንድ ያንጎራጉሩ ጀመር። ስለ መሐል ሜዳ ቤታቸው እያሰቡ እንዳለቀሱ ለወይዘሮ ጌታነሽ ኋላ ነግረዋቸዋል።

ከዚያ ሲመለሱ ወባውን ይዘው ተመለሱ። ለሚስተር ቫሱዴቫን ስለ ደመናው ሲነግሯቸው፣ "መምህር፣ ገና አሁን ጀመሩ" አሏቸው። ህንዳዊው ግን በ1974 ዓ.ም. ውላቸው አልቆ ወደ አገራቸው ሄዱ። መምህር ግጥሙን የሚያዋይ ሰው አጡ፤ ብቻቸውን ይሉት ነበር።

የበኩር ልጃቸው ውባየሁ በ1978 ዓ.ም. ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ዘመተ። በ1980 ዓ.ም. መርዶው መጣ። ሬሳ አልመጣም። መምህር ድምፃቸውን አሰምተው አላለቀሱም፤ ሰውም በዚህ አምቷቸዋል። በዚያው ዓመት በኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ግን ተነሥተው ቅኔ ተቀኙ። ቅኔው በግዕዝ ስለ አንዲት እናትና ስለ ማሰሮዋ ብቻ ይናገራል፤ ልጅ የሚል ቃል የለበትም።

ከበዓሉ በኋላ፣ ነገሩ ከህንድ የመጣ መሆኑን ለመሪጌታ መርስዔ ኃዘን አልደበቋቸውም። መሪጌታ ጥቂት አስበው፣ "ቁራሽ ስንለምን እህሉ ከማን ማሳ እንደታጨደ ጠይቀን እናውቃለን?" አሏቸው። ግዕዝ የማያውቁት ወይዘሮ ጌታነሽ ደግሞ ቅኔው እቤት ሲፈታላቸው፣ "ስሙን ሳይጠሩ ጠሩት" ብለው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ባልና ሚስቱ ልጃቸውን አብረው ያለቀሱት ያን ዕለት ነው።

መምህር ከቆላ ይዘውት የመጡት ሕመም እየተመላለሰ ጉበታቸውን ጎድቶ፣ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1981 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጌታነሽን፣ ልጆቻቸውን ሙሉመቤትንና አፈወርቅን፣ እንዲሁም ያስተማሯቸውን ብዙ ልጆች ትተውልናል።

ለቤተሰባቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥልን። መምህር ብዙ ደክመዋልና እንቅልፋቸውን የሰላም፣ መነሣታቸውንም ከቅዱሳኑ ጋር ያድርግልን። አሜን።