በፀጉር ማድረቂያ የነቃው ሞኒተር

ለምወድሽ እናቴ፣

ሰላምታዬ ከእቅፍ ጋር ካለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን አሁንም እየሮጥሽ ነው የምትወጪው ወይስ ሐኪሙ ያለሽን ሰማሽው? የአባባ ሳል ለቀቃቸው? ወንድሜና ሚስቱ ደህና ናቸው? ሕፃኗስ ጥርስ አወጣች ወይስ ገና ሰው በድዷ ነው የምትነክሰው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። አማችሽም ደህና ነው፤ ቀኝ ክንዱን ብቻ ትንሽ ያመዋል። ለምን እንደሚያመው ከታች ትደርሽበታለሽ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንቺ ስልክ ላይ ኤሌክትሪክ የሚል ቃል ከሰማሽ ቀሪውን አትሰሚም፤ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ። ሁለተኛ፣ ደብዳቤ የሚያነቡልሽ አባባ ናቸው። እሳቸው መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅኩ ወዲህ ስልኩን ላንቺ እያቀበሉ ይሸሹኛል እንጂ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም። አሁን ግን ወደዱም ጠሉም የእኔን ቃል በገዛ አፋቸው ሊያነቡት ነው። አባባ፣ ሰላም ነዎት? ይህችን እንዳይዘሏት። እማዬ፣ ድምፃቸው ድንገት ፈጠን ካለ ዘለዋል ማለት ነውና መልሰሽ አስነብቢያቸው።

ሥራዬን ስለቅ አባባ "ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልቀየምኩም፤ ደመወዝ ያለው ሥራ ጥሎ መውጣት የሚያስፈራ ነገር ነው። ግን ያን ሁሉ ዓመት የሰው ቤት ፕላን ስነድፍ ግድግዳው የእኔ፣ ደረጃው የእኔ፣ ከታች ጥጉ ላይ የሚጻፈው ስም የአለቃዬ ነበር። አንድ ቀን በሠራሁት ቤት በር ሳልፍ ባለቤቱ "እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ያን ዕለት ነው የቆረጥኩት።

እና እቤት ሆኜ ከጀመርኩ በኋላ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ሆነች። ቤቷን አስፍታ ትልቅ ምድጃ ማስገባት ትፈልጋለች። ግንበኞቹ ዓርብ ጠዋት ሥራ ስለሚጀምሩ ፕላኑ ያኔ እጇ ላይ መሆን አለበት፤ ካልደረሰ ወደ ቀድሞው አለቃዬ እንደምትሄድ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ባጭሩ ይህ ሥራ ካመለጠኝ አባባ ትክክል ነበሩ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን አልፈልግም።

ሰኞ ጠዋት ተቀምጬ ሞኒተሩን ሳበራው ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሜ ተጫንኩት፤ ብልጭ፣ ጠፋ። ማብሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት እንደ ነገረኛ ሰው ትጠቅሰኛለች፤ ከጀርባው ደግሞ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰማል። ኮምፒውተሩ ራሱ ጤነኛ ነው፣ ፕላኑም ውስጡ አለ፤ እኔ ግን ላየው አልችልም። ጠጋኙ ጋ ስደውል አምጥተሽው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሽ አለኝ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ለምኜ አመጣሁ፤ የገመዱ አፍ አልገጥም አለ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት የሚባለው ለካ ስለ እኔ ነው።

አማችሽ ጋ ደወልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። እሱ ከለቅሶው በቀር የሰማው ነገር የለም። ፀጉር ቤቱን ዘግቶ እየሮጠ መጣ፤ ብቻውን ግን አልመጣም። ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኖሮ፣ "ሞኒተር" የምትለዋን ቃል ከስልኩ ስለሰማ አብሮት ሮጧል። አንገቱ ላይ የመላጫው ጨርቅ እንደታሰረ፣ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ ግማሹ ጢም እንደሆነ በራችን ላይ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ግማሽ ጢም ነው፤ እሱም ለምዶታል።

ባለቤቴ እንደምታውቂው ፊቱ የተቀመጠ ነገር ሁሉ ደንበኛ ይመስለዋል። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ዘርግቶ ሞኒተሩን በፊቱ አስተኛውና ጀርባውን በፀጉር ብሩሽ እየጠረገ "አይዞህ፣ አይሰማህም" ይለዋል። ወዲያው ሊከፍተው ሲል ግማሽ ጢም እጁን ያዘው። ገመዱ ቢነቀልም ውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ አቅፎ እንደሚቆይና የነካውን እንደሚመታ ነገረን። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እስኪለቀው ሦስታችንም ሻይ ይዘን ሞኒተሩን ከበን ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት እንጂ ጥገና አይመስልም ነበር።

በኋላ ብሎኖቹ ወጡ፤ ፕላስቲኩ ግን አልለቅ አለ። ባለቤቴ ማበጠሪያውን አወጣና በጠርዙ ሰክቶ እንደ ፀጉር መስመር ከዳር እስከ ዳር ነዳው፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ተከፈተ። ግማሽ ጢም ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ መጥኖ ለስክሪኑ የሚያካፍለውን ቦርድ አሳየን። ላዩ ላይ ትንንሽ ጣሳ የሚመስሉ ካፓሲተሮች ተደርድረዋል። የሌሎቹ ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ የሦስቱ ግን ሆዱን እንደነፋው ሰው አብጧል። ሙቀት ነው የገደላቸው አለ። አየር ማስወጫዎቹም በነጭ የክር ብናኝ ጥቅጥቅ ብለዋል።

እማዬ፣ ቆመሽ ከሆነ እዚህ ላይ ተቀመጪ። ግማሽ ጢም ዞር ዞር ብሎ አየና ወንበር ላይ ያስቀመጥኩትን ዳንቴል አነሳ። አዎ፣ ያንቺን ዳንቴል፣ ለሞኒተሩ ብለሽ ሠርተሽ የላክሽልኝን፣ ከኋላ በኩል እንደ ካባ የሚወርደውን። "ይህን ማን አለበሰው?" አለ። ባለቤቴ ጣሪያውን አየ። እኔ ሻዬን አየሁ። እናቴ ናት ስለው ልብሱ በጣም እንደሚያምር፣ ሞኒተር ግን በጀርባው እንደሚተነፍስ በትሕትና አስረዳኝ። ባለቤቴ እንዳልነግርሽ ለምኖኝ ነበር፤ ግን ለኮምፒውተሩም አንድ ጀምሬያለሁ ብለሻልና ዝም ብል ሌላ ሬሳ ልናወጣ ነው። አትዘኚ። ዳንቴሉ አሁን ፀጉር ቤቱ መስተዋት ላይ ተሰቅሎ ደንበኛ ሁሉ ማን ሠራው እያለ ይጠይቃል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ካፓሲተሮቹን የሚሸጠው ሰው ከቅዳሜ በፊት አይመጣልኝም አለ። ዓርብ ለሚፈለግ ሥራ የቅዳሜ ዕቃ ምን ያደርጋል? ይኼኔ ባለቤቴ ተነሥቶ የፀጉር ማድረቂያውን አመጣ። እሱ እንደሆነ ያበጠ ነገር ሁሉ ውኃ የገባበት ይመስለዋል፤ ላድርቀው አለ። ግማሽ ጢም ሳቀበት፤ ሲስቅ አንገቱ ላይ ያለው ጨርቅ ይንቀጠቀጣል። አማችሽ ግን ግትር ነው። ግማሽ ጢም ቢያንስ መጀመሪያ ክደነው፣ ራቅ ብለህም በማስወጫው ንፋ አለው። ከደነው፣ ሰካነው፣ ነፋው። ብልጭ፣ ጠፋ። ብልጭ፣ ጠፋ። ከዚያ ብልጭ አለና በዚያው ቀረ። የዳቦ ጋጋሪዋ ቤት ከነምድጃው ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ግማሽ ጢም ሳቁን ዋጠው። እርጥበት ሳይሆን የደከመ ካፓሲተር ሲሞቅ ለጊዜው ጉልበት እንደሚያገኝ፣ ይህም ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት እንዳልሆነ አስረዳን። ሽታ ከሸተታችሁ ገመዱን ንቀሉ፣ ብቻውንም ትታችሁት እንዳትወጡ ብሎ ሲያበቃ ከሥራ ተደውሎለት በዚያው ግማሽ ጢሙ ሄደ።

እማዬ፣ ከዚያ በኋላ ቤታችን ምን እንደመሰለ ብታዪ። ሞኒተሩ ቀዝቀዝ ሲለው ይጠፋል፤ ሲነፋ ይነቃል። ባለቤቴ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሊቀር ስለማይችል ደንበኞቹን ወደ ሳሎናችን አመጣቸው። ሕግም አወጣ፤ እዚህ የሚላጭ ሰው ማድረቂያውን ይይዛል። እኔ እስላለሁ፣ ከጎኔ ሳሙና የተቀባ ሰው ሞኒተሩን ያሞቃል፣ ባለቤቴ ሰውየውን ይላጫል። መያዝ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሁሉም አስተያየት አለው። አንዱ የምድጃው ክፍል ጠበበ አለኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ የጓዳው በር ወደ ውስጥ ከተከፈተ የዱቄት ጆንያ ይገጫል አሉ። ተናድጄ ሳየው እውነታቸውን ነው፤ በሩን ገለበጥኩት። በመሐል ባለቤቴ ማድረቂያው እየሠራ ውኃ ሊያፈላ ማሞቂያውን ሰካና ቤቱ በሙሉ ጨለመ። እኔ አንድ መስመር በሳልኩ ቁጥር የማስቀምጥ ሰው ባልሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ፍቺ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት ሥራው አለቀ። ደንበኞቹ ሄደዋል፣ ማድረቂያውን ባለቤቴ ራሱ ይዟል፣ ክንዱ ዝሏል። የቀረው ጥጉ ላይ ስም መጻፍ ነበር። እማዬ፣ ስንት ዓመት የሌላ ሰው ስም ጽፌበታለሁ። በመጨረሻ ስሜን በደቃቅ ፊደል ጻፍኩት።

"አይታየኝም፣ አተልቂው" አለ ከኋላዬ።

አተለቅኩት። የአባትሽስ አለኝ። አባቴ ተቆጥተዋል፣ ስማቸውን ሳላስፈቅድ እንዴት አደርጋለሁ ስለው ማድረቂያውን ወደ ግራ እጁ አዛወረና "የተቆጡት እሳቸው ናቸው፣ ስማቸው ምን አደረገ? ጻፊው፣ እኔ እይዝልሻለሁ" አለኝ። እያለቀስኩ ጻፍኩት።

ዓርብ ጠዋት ዳቦ ጋጋሪዋ ፕላኑን ሊጥ መዳመጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አየችው። እኔ የት ነው የምቆመው አለችኝ፤ አሳየኋት። ከዚያ ሆና መንገዱን ታያለች ወይ? ታያለች። የጓዳውን በር በጣቷ ተከትላ ጆንያው አይነካውም አለች፤ አይነካውም አልኳት። ከዚያ ግንበኞቹን ጠርታ ጀምሩ አለቻቸው። ቅዳሜ ግማሽ ጢም ሙሉ ተላጭቶ መጣና አዲሶቹን ካፓሲተሮች ሊድ በሚሉት ቀላጭ ብረት ቦርዱ ላይ አያያዛቸው። ሞኒተሩ አሁን ያለ ፀጉር ማድረቂያ፣ ያለ ልብስም ይሠራል።

ወንድሜን እቀፊልኝ፤ ሚስቱንም ሳሚልኝ። ሕፃኗን ሁለቱን ጉንጮቿን። ከጎናችን ያሉትን እትዬንም እንዳልረሳኋቸው ንገሪያቸው። አማችሽ በግራ እጁ ሰላም ይልሻል።

አባባ፣ አሁን የቀሩት እርስዎ ነዎት። ከደብዳቤው ጋር የታጠፈ ትልቅ ወረቀት አለ፤ የፕላኑ ግልባጭ ነው። ይዘርጉትና ከታች በቀኝ ጥጉ ያለውን ለእማዬ ጮክ ብለው ያንብቡላት። የመጀመሪያው ስም የእኔ ነው። ሁለተኛው የእርስዎ ነው።

ልጃችሁ
ከቤታችን፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ
ማክሰኞ፣ ሚያዝያ ፲፬ ቀን