«ደህና ነኝ» ማለቴ ያመጣብኝ

ለውድ ወንድሜ ለመስዑድ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጂዳው ሙቀት፣ የሥራው ድካም እንዴት አድርጎሃል? ባለቤትህ አሪፋስ ደህና ናት? ሙሀመድዘይንስ ትምህርቱ ላይ በረታ? እዚህ ላይ «እኔ በጣም ደህና ነኝ» ብዬ እጽፍልህ ነበር። ዛሬ አልጽፈውም።

በስልክ እንዳልነግርህ ድምፅህን ስሰማ አፌ ለምዶበት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሰው አገር ያለን ማስጨነቅ ነውር ነው ተብለን አይደል ያደግነው?

ዓባይ ማዶ ባጃጅ ገልብጦኝ ጭኔ ውስጥ ብረት እንደገባልኝ ታውቃለህ። ከዚያ ወዲህ እግሬ ደህና ሆኖ አያውቅም። ነፋሱ ከሐይቁ ሲነሳ እስከ ጉልበቴ ይቆረጥመኛል። ሱጁድ መውረድ አቅቶኝ የምሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ብረቱን አውጡልኝ ብዬ ብመላለስ ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ብረቱ ምንም አልሆነም፤ ሐሳብ ይሆናል» አለና ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ላከኝ።

ባለሙያው ገብረ ክርስቶስ ይባላል፤ ክፉ ሰው አይደለም። ስለ እንቅልፌም፣ ስለ እናታችን ሞትም በእርጋታ ጠየቀኝ። በመጨረሻ «በደንብ የሚያውቅሽን ሰው ላነጋግር» ሲለኝ የአንተን ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ። አንተም «እግሬን አመመኝ ብላኝ አታውቅም፤ የምታለቅሰው ስለ እናታችን ነው» አልኸው። አልዋሸህም። እሱም ሕመሟ ኀዘን ነው ብሎ አስታወቀ፤ ሐኪሙም ብረቱን አላወጣም አለ። ጎረቤቴ ሥርጉት ሳነክስ ባየች ቁጥር «ዘይኔ፣ ሐሳቡ ዛሬ በየትኛው እግር ነው?» ትለኛለች። አብሬያት እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ?

ያዘንሁስ አዝኛለሁ። እናቱ የሞተችበትን ሰው እግሩ አያመውም ያለው ማን ነው? ይህንኑ ለገብረ ክርስቶስ ብነግረው «ወንድምሽን እንደገና እጠይቀዋለሁ» አለኝ። ሰኞ ይደውልልሃል። አሟታል ብለህ መስክርልኝ አልልህም። «ከሄድሁ ወዲህ ስትራመድ አላየኋትም፤ ደህና ነኝ የምትለኝም እንዳልጨነቅ ነው» በለው። እውነቱ ይኸው ነው።

ባለቤቴ ሙአዊያ ሰላም ብሎሃል። ወረቀቱን በስልኳ አንስታ የምትልክልህ ልጄ ተቅዋ ናት፤ አጎቴ ናፍቆኛል ትላለች። አሪፋን ሰላም በልልኝ፤ ሙሀመድዘይንን ሳምልኝ። እኔ ዘንድ ስትደውል ደግሞ «እንዴት ነሽ?» ብለህ አትጀምር። «እግርሽስ?» በለኝ።

ታላቅ እህትህ ዘይነት
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.