ከእማዬ አልጋ ሥር

እማዬ አልጃጀችም! ሰላምታው ይቆይህ፤ የእናታችን ጭንቅላት ከእኔም ከአንተም ይሻላል!

ውድ ጋሼ፣ ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፍልህ ማለት ይቻላል።

"ከአልጋዬ ሥር ውሃ ይሄዳል" እያለች ሦስት ወር ሙሉ ስትነግረን፣ አንተ በስልክ "አለቀላት፤ ቤቱ ይሸጥና እኔ ጋ ትምጣ" አልክ። እኔስ? "በቃ ተኚ እማዬ!" እያልኩ ጮህኩባት። የውሃ ሂሳቡ እጥፍ ሆኖ ሲመጣ እንኳ ቆጣሪ አንባቢውን ሌባ ብዬ ሰደብኩት እንጂ እሷን አላመንኩም።

ሰኞ ዕለት ቧንቧው ጠብ አልል አለ፤ ቆጣሪው ግን እንደ እብድ ይሽከረከራል። የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ወጥ ቤቱን ቆፈረ፤ ደረቅ። መታጠቢያ ቤቱን ቆፈረ፣ ያን የመሰለ ሴራሚክ እንክትክቱን አወጣው፤ እሱም ደረቅ! እማዬ ከአልጋዋ ሆና "እዚህ ነው የኔ ልጅ" ትለዋለች። እሱ "እሺ እማማ፣ ይረፉ" ይልና ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ አብሬው ነቀነቅኩ።

በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። ወለሉን በምርኩዟ እየደበደበች "አልጋውን አንሡ!" አለች። አነሣነው። ክንድ ያህል እንኳ ሳይቆፍር ውሃው ፊቱ ላይ ተፈናጠረበት።

"አትስማኝ ልጄ፣ ጃጅቻለሁ" አለችው።

ሂሳቡን ሲነግረኝ ደግሞ ልጃጅ የደረስኩት እኔ ነኝ። አሥራ ስምንት ሺህ! "በከንቱ የቆፈርከውንም ልክፈል?" ብለው፣ "እትዬ፣ ውሃ ተገኘ አልተገኘ ወገቤ ምን ያውቃል?" አይለኝ መሰለህ! እማዬ ጣልቃ ገባች።

"ቦታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ የእኔን ድርሻ ቀንስ።"

ሦስት ሺህ ቀነሰ! ጃጀች ያልናት ሴት!

አልጋው ሲነሣ ግን ሌላም ነገር ወጣ። አንተ እሷን የምትወስድበትን ቀን ስትቆርጥ፣ ልብሷን በድብቅ ሸክፌ ሻንጣውን እዚያ ሥር ከትቼው ነበር። ሻንጣውን አየች፤ እኔንም አየችኝ። "ፍቺው እንጂ፣ እርጥበት ይገባዋል" አለች። ጋሼ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀድመን ብንሰማት አንድ ጉድጓድ ይበቃን ነበር። የሁለቱን ጉድጓድ የከፈልነው ላለማመናችን ነውና ግማሹ የአንተ ነው፤ ይዘህ ና።

ሻንጣውን ፈትቻለሁ። አንተም ዕቃዋን ልትጭንበት የተከራየኸውን የጭነት መኪና መልስ። ወለሉ ሲደርቅ አልጋዋ እዚያው ቦታው ይመለሳል። ባለቤትህን፣ ልጆችህን፣ "ምስኪን፣ ጃጀች" ያለውን ዘመድ ሁሉ ሰብስበህ፣ ልትወስዳት በቆረጥከው በዚያው ቀን ትመጣለህ፤ ቤቷ ውስጥ አብረናት እንድንደሰት። ቀኑን ከረሳኸው የጃጀኸው አንተ ነህ።

ለፍላፊዋ እህትህ

ከረሳኸው ደግሞ፣ ቀኑ የዛሬ ሳምንት እሑድ ነው!